ተክሊሉ የጎደለበት ዚፕ

የሙሽራዋ እናት ስቱዲዮው የመጡት በ2015 ዓ.ም.፣ ከዳግማዊ ትንሣኤ በኋላ ባለው ማክሰኞ ጠዋት ነው። አልበሙ ከመታተሙ በፊት ፎቶ ሊመርጡ። የፎቶ ስቱዲዮው ባለቤት ጋሼ ወንበር ሰጧቸው፣ አብሯቸው የሚሠራው ልጁ ሻይ አስመጣ፣ ኮምፒውተሩንም ወደ እሳቸው አዞሩላቸው። የመልሱ ፎቶ አለፈ። የቅልቅሉ አለፈ። ከዚያ አበቃ። እትዬ የሚቀጥል መስሏቸው ትንሽ ጠበቁ። ከዚያ ቀስ ብለው «ተክሊሉስ? ተክሊሉ የታል?» አሉ።

ተክሊሉ አልነበረም። አዳራሹም አልነበረም። ልጁ ሃርድ ዲስኩን ነቅሎ እንደገና ሰካ፣ ፎቶዎቹ አንድ ላይ የታሸጉበትን ፋይል፣ ዚፑን፣ ዘግቶ እንደገና ከፈተ፣ ያው ነው። ረፋድ ላይ ጋሼ ደወሉልኝ። «ወንድምዓለም፣ ያ ፕሮግራምህ ፎቶ አጉድሏል መሰለኝ፣ ቶሎ ድረስ» አሉኝ። ከአዘዞ ፒያሳ እስክደርስ ድረስ በባጃጁ ውስጥ ሳስብ የነበረው አንድ ነገር ነው፤ ዋናው ፎልደር ከኮምፒውተሩ ላይ ተሰርዟል ወይስ አልተሰረዘም? ተሰርዟል። ያውም ከሦስት ወር በፊት።

ጉዳዩን ከነዝርዝሩ የምጽፈው በፓይተንም ሆነ በሌላ የፕሮግራም ቋንቋ ፋይል ዚፕ የሚያደርግ ኮድ የሚጽፍ ሰው ሁሉ እዚህ ጉድጓድ አጠገብ ስለሚያልፍ ነው። ኮዱ ከአሥር መስመር አይበልጥም። ቀላል ስለሆነም ማንም ሁለተኛ አያየውም። እኔም አላየሁትም።

መጀመሪያ ነገሩ እንዴት እንደነበር ልናገር። ስቱዲዮው ሁለት ካሜራ፣ አንድ ኮምፒውተር እና ጋሼን ጨምሮ ሦስት ሠራተኛ ያለው ትንሽ ቤት ነው። ጎንደር ውስጥ የሰርግ ሥራ ወቅት አለው። ከጥምቀት እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ድረስ ቅዳሜና እሑድ እረፍት የለም። ከፋሲካ በኋላ ደግሞ እንደገና ይጀምራል። በዚያ ሰሞን የኮምፒውተሩ ዲስክ በየሳምንቱ ይሞላል። ድሮ ልጁ የእያንዳንዱን ሰርግ ፎልደር በእጁ ወደ ውጪ ሃርድ ዲስክ ይገለብጥ ነበር። ግማሹ ፎልደር ተገልብጦ ግማሹ ሲቀር፣ አንዱ ሁለቴ ሲገለበጥ ተሰላቹ። እኔ በቀን ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፣ ማታ ማታ ፓይተን እጽፋለሁ። ጋሼ የሚያውቁኝ ከልጅነቴ ነው፣ አስቸገሩኝ አልልም፣ ደስ ብሎኝ ነው የጻፍኩላቸው። ስክሪፕቱ፣ ማለትም ያ አጭር ፕሮግራሜ፣ የሰርጉን ፎልደር ይቀበላል፣ ውስጡ ያሉትን ፎልደሮች ሁሉ እየዞረ ፋይሎቹን አንድ ዚፕ ውስጥ ያስገባል፣ ዚፑን ውጪው ሃርድ ዲስክ ላይ ያስቀምጣል፣ በመጨረሻ ጥቁሩ መስኮት ላይ «አልቋል» ብሎ ይጽፋል። መሰረዙን ለሰው ተውኩት፤ ልጁ «አልቋል» የሚለውን ሲያይ ዚፑን ከፍቶ አንድ ሁለት ፎቶ ያይና ዋናውን ፎልደር ያጠፋል። ጠንቃቃ ልጅ ነው። ሳይከፍት አጥፍቶ አያውቅም።

ይህ ሰርግ የጥር 21ዱ ነው፣ የአስተርእዮ ማርያም ዕለት፣ እሑድ። አራት ፎልደር ነበረው፦ ቤተክርስቲያን፣ አዳራሽ፣ መልስ፣ ቅልቅል። ልጁ የእያንዳንዱን ሰርግ የፎቶ ብዛት በደብተር ይመዘግባል፣ ለክፍያ ሒሳብ ብሎ። ደብተሩ 1,184 ይላል። ዚፑ ውስጥ ያለው 379 ነው፤ 206 የመልስ፣ 173 የቅልቅል። 805 ፎቶ የለም።

ጋሼ መጀመሪያ የጠረጠሩት መብራት ነው። «በዚያ ሰሞን መብራት ይጠፋ ነበር፣ መሀል ላይ ሄዶበት ይሆናል» አሉ። እኔ ግን ዚፑ መከፈቱን ሳይ መብራት እንዳልሆነ ገባኝ። ለምን እንደሆነ ለማስረዳት ዚፕ ውስጡ ምን እንደሚመስል ማወቅ ያስፈልጋል። ዚፕ ፋይሎቹን አንድ በአንድ ከላይ ወደ ታች ይደረድራል። ማውጫውን ግን የሚጽፈው መጨረሻ ላይ ነው። የትኛው ፋይል የት ቦታ እንደሚጀምር የሚናገረው ያ የመጨረሻ ገጽ ነው፣ ዚፕ የሚከፍት ፕሮግራም ሁሉ መጀመሪያ የሚሄደው ወደዚያ ነው። መብራት መሀል ላይ ቢጠፋ ማውጫው ስለማይጻፍ ዚፑ ጨርሶ አይከፈትም፣ ተበላሽቷል ይልሃል። የኛ ዚፕ ግን ያለ አንዳች ቅሬታ ተከፈተ። ፓይተን ውስጥ ያለውን መፈተሻ አስሮጥኩበት፣ ሁሉንም ፋይል አንብቦ ድምር ቁጥሩን አመሳክሮ ምንም ጉድለት የለም አለ። ውስጡ ያሉት 379ኙ በርግጥም ጤነኛ ናቸው። መፈተሻው የሚያየው ዚፑ ውስጥ ያለውን ብቻ ነው፣ ሊኖር ይገባው የነበረውን ከየት ያውቃል?

ስለዚህ አንድ ሰው ማውጫውን በሥርዓት ጽፎ፣ ዚፑን በሥርዓት ዘግቶ ሄዷል ማለት ነው። ሥራው ግን ገና ሲሶው ላይ ነበር። ያ «ሰው» የኔ ኮድ ነው።

ፍንጩን የሰጠኝ የጎደሉት ፎልደሮች ስም ነው። አራቱን ስሞች ወረቀት ላይ ጻፍኳቸውና እንደ ሀለሐመ አሰለፍኳቸው። መ ይቀድማል፣ መልስ። ቀጥሎ ቀ፣ ቅልቅል። ከዚያ በ፣ ቤተክርስቲያን። ከዚያ አ፣ አዳራሽ። ዩኒኮድ፣ ለዓለም ፊደላት ቁጥር የሚሰጠው የኮምፒውተር ሠንጠረዥ፣ የኛን ፊደል የደረደረው በሀለሐመ ተራ ነው፣ የዊንዶውሱ ዲስክም ፎልደሮቹን ለስክሪፕቱ የሰጠው በዚሁ ተራ ነው። ከሁለቱ የመጀመሪያ ፎልደሮች አንድም ፎቶ አልጎደለም። ከሦስተኛው አንድም አልገባም። ስለዚህ ኮዱ የወደቀው የቤተክርስቲያን ፎልደር የመጀመሪያው ፋይል ላይ ነው። የመጀመሪያው ፋይል ምን ነበር?

የካሜራው ፎቶዎች ስማቸው በፊደል ይጀምራል። ልጁን ጠየቅሁት፦ «ቤተክርስቲያን ውስጥ ሌላ ነገር ነበረ እንዴ?» ትንሽ አሰበና አስታወሰ። የሙሽራዋ የአክስት ልጅ ከሴቶቹ መቆሚያ በኩል በስልኳ ያነሳቻቸው 27 ፎቶዎች ነበሩ፣ ያ ቦታ ለካሜራው ስለማይመች ጋሼ ራሳቸው ጠይቀው ነው ያስገለበጧቸው። የስልኩ ፎቶዎች ስማቸው በፈረንጆቹ ዓመት ይጀምራል፣ 2023 ብሎ። አኃዝ ደግሞ ከፊደል ይቀድማል። እንግዲህ የስልኩ ፎቶ መጀመሪያ መጣ።

ልጅቷ ማራኪ አካባቢ ናት። በዚያው ቀን ስልኳን ይዛ መጣች። ፎቶዎቹ አሁንም ስልኳ ላይ ነበሩ፣ እግዚአብሔር ይስጣት። ልጁ ያን ጊዜ ባደረገበት መንገድ፣ በዚያው ገመድ፣ ወደ ኮምፒውተሩ ገለበጣቸው። የመጀመሪያውን ፋይል መረጃ ከፈትኩ። ስሙ 2023 ብሎ ይጀምራል፣ ወሩ ጥር፣ ቀኑ ልክ። የተሻሻለበት ቀን የሚለው ቦታ ግን 1970 ይላል። በእኛ ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ማለት ነው፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት። 27ቱም እንደዚያው። ይህ ሰዓት የዘፈቀደ አይደለም። ኮምፒውተር ጊዜን በአብዛኛው ከ1970 መጀመሪያ ጀምሮ በሰከንድ ይቆጥራል። ፋይሉ በሚገለበጥበት ጊዜ ቀኑ ሳይተላለፍ ቀርቶ ዜሮ ሲጻፍ፣ ዜሮው ኢትዮጵያ ላይ ሲነበብ ሦስት ሰዓት ጨምሮ ከሌሊቱ 9 ይሆናል።

ታዲያ 1970 ምን አጠፋ? ዚፕ የተወለደው በፈረንጆቹ 1989፣ ከዊንዶውስ በፊት በነበረው በዶስ ዘመን ነው። ቀን የሚጽፍበት ቦታ የዶስን አቆጣጠር የተከተለ ነው፣ እሱም ከ1980 በፊት ያለ ዓመት ለመጻፍ ቦታ የለውም። ዚፕፋይል የሚባለው የፓይተኑ ዚፕ መሥሪያ እንዲህ ያለ ፋይል ሲያገኝ ቀኑን በራሱ ፈቃድ አይቀይርም፤ ዚፕ ከ1980 በፊት ያለ ጊዜ አይቀበልም ብሎ ስህተት ያነሳና ይቆማል። ትክክለኛ ነገር ነው ያደረገው። ጮኸ። ጩኸቱን ያፈንኩት እኔ ነኝ።

እዚህ ጋ ትንሽ ረጋ ብዬ ልሂድ፣ የጉዳዩ እምብርት ይህ ስለሆነ። ዚፑን የከፈትኩት ሁሉም መማሪያ እንደሚለው በዊዝ ነው። ዊዝ ማለት፣ ከዚህ ክፍል በምንም ምክንያት ብትወጣ ፋይሉን እኔ እዘጋልሃለሁ የሚል ቃል ነው። በሰላም ብትወጣም፣ በስህተት ብትወጣም። ለተራ ፋይል ይህ መልካም ነገር ነው። ዚፕ ላይ ግን መዝጋት ማለት ማውጫ መጻፍ ማለት ነው። ስህተቱ ሲነሳ ዊዝ ቃሉን ጠበቀ፤ እስከዚያ ድረስ ለገቡት 379 ፎቶዎች ጥሩ ማውጫ ጻፈላቸውና ዘጋ። እንግዲህ ግማሽ ሥራ የሙሉ ሥራ ማኅተም ተመታበት። መብራት ቢጠፋ ኖሮ የማይከፈት ዚፕ እናገኝ ነበር፣ ልጁም ያያል፣ ፎልደሩንም አያጠፋም፣ ተክሊሉም ይተርፋል።

ሁለተኛው ጥፋት ደግሞ ከዊዙ ውጪ ነው። ሁሉንም ስህተት በሚይዙት የፓይተን ትእዛዞች፣ በትራይና ኤክሴፕት፣ ከብቤው ነበር። ስክሪፕቱ በልጁ ፊት ቀይ ነገር እንዳያወጣ ብዬ፣ ስህተት ከመጣ አንድ መስመር እንግሊዝኛ ጽፎ እንዲቀጥል አደረግኩት። ከዚያ ቀጥሎ ያለው መስመር ደግሞ «አልቋል» የሚለው ነው። ስለዚህ ስህተት ቢኖርም ባይኖርም «አልቋል» ይመጣል። ልጁ የእንግሊዝኛዋን መስመር አይቷት ይሆናል፣ ላያያትም ይችላል። ከሥሯ በአማርኛ «አልቋል» ተብሎ ተጽፎለት ከላይ ያለውን ምን ብሎ ያንብብ? ቃሉም ራሱ ችግር ነበረበት። በኛ ቋንቋ ነገር ሲሳካም አልቋል ነው፣ ሲሟጠጥም አልቋል ነው።

ልጁ ያን ቀን ቀና ብሎ አላየንም። ጥፋቱ የሱ እንዳልሆነ ነገርኩት። የታዘዘውን ነው ያደረገው። ዚፑን ከፈተ፣ ፎቶ አየ፣ ፎቶዎቹ ቆንጆ ናቸው። ከላይ ያለው ደግሞ መልስ የሚለው ፎልደር ነው፣ ሁልጊዜም የሚያየው የመጀመሪያውን ነው። መልሱ ሙሉ ነበር።

ማዳኑ ላይ ብዙ አልቆይም። የኮምፒውተሩ ዲስክ ላይ ከዚያ ወዲህ ስንት ሰርግ ተጽፎበታል፣ ከዚያ ተስፋ አልነበረም። የሁለተኛው ካሜራ ሚሞሪ ግን 64 ጊጋ ነው፣ ከዚያ በኋላ ሁለት ትንንሽ ሥራ ብቻ ነው የሠራበት። ሚሞሪ ፎርማት ሲደረግ በአብዛኛው የሚጠፋው ዝርዝሩ ነው፣ ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ ፎቶው ራሱ እዚያው ተኝቶ ይቆያል። ፎቶሬክ የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ፣ ዝርዝሩን ትቶ የጄፔግን፣ የተለመደውን የፎቶ ፋይል ዓይነት፣ የመነሻ ምልክት እየፈለገ ፎቶ ያወጣል። ሌሊቱን ሙሉ ሲሠራ አደረና የዚያ ቀን የሆኑ 301 ፎቶዎችን መለሰልን። ስማቸው ጠፍቷል፣ ፎቶው የተነሳበት ሰዓት ግን በራሱ በፎቶው ውስጥ ካሜራው ስለሚጽፈው በሰዓት አሰለፍናቸው። ጠዋት የሆነው ቤተክርስቲያን፣ ከቀትር በኋላ የሆነው አዳራሽ። በዚያ ላይ የስልኩ 27። በዚያ ላይ ደግሞ ጋሼ በሰርጉ ማግስት ለሙሽራዋ በቴሌግራም የላኩላት 60 ፎቶዎች፣ ቴሌግራም አሳንሷቸዋል፣ ግን አሉ። ተክሊሉ ሲደፋ የሚታየው አንድ ጥሩ ፎቶ ብቻ ተገኘ። ከአክስት ልጇ ስልክ። ያችው ኮዱን የጣለችው ፋይል ነች። አልበሙ የመጀመሪያ ገጽ ላይ አሁን እሷ ነች ያለችው።

ከዚያ ሌላ ጥያቄ መጣ። ውጪው ሃርድ ዲስክ ላይ ከዚህ ሌላ 31 ዚፕ አለ። ስንቶቹ እንደዚህ ናቸው? እውነቱን ለመናገር ከመጀመሪያው ይልቅ ይህ ነው እንቅልፍ የነሳኝ። ዋናዎቹ ፎልደሮች ስለሌሉ የሚመሳከር ነገር የለም። ያዳነን የልጁ ደብተር ነው። ለሒሳብ ብሎ የያዘው ቁጥር፣ ማንም ከዚፑ ጋር አመሳክሮት የማያውቅ፣ ብቸኛው ምስክር ሆነ። አንድ ትንሽ ኮድ ጻፍኩና የእያንዳንዱን ዚፕ ማውጫ ቆጥሮ ከደብተሩ ጋር ጎን ለጎን እንዲያወጣ አደረግኩ። 24ቱ ልክ ናቸው። ሁለቱ ጎድለዋል፣ ሁለቱም ከስልክ የመጣ ፎቶ ያለባቸው። የቀሩት አምስቱ ከደብተሩ በፊት የተሠሩ ናቸው። እነዚያን በካሜራው ተራ ቁጥር አየናቸው። ካሜራ ለፎቶ ተከታታይ ቁጥር ነው የሚሰጠው፣ መጥፎ ፎቶ ስለሚሰረዝ ሦስት አራት ቁጥር መዝለል ያለ ነው፣ 200 መዝለል ግን የለም። አምስቱም ደህና ነበሩ። የጎደሉትን የሁለቱን ባለሰርጎች ጋሼ ራሳቸው ደውለው ነገሯቸው፣ ሰዎቹ ሳያውቁ በፊት። አንዱ ቤተሰብ ሁሉንም ፎቶ በፍላሽ ወስዶ ነበር፣ ከእነሱ መልሰን ገለበጥን። የሌላኛው አልተገኘም።

በዚህ ፍተሻ መሀል አንድ ሌላ ነገር አጋጠመኝ፣ ዚፕና አማርኛን አብሮ ለሚሠራ ይጠቅማልና ልጨምረው። ከአምስቱ አሮጌ ዚፖች ሦስቱን ኮዴ ሲያነባቸው የፎልደሩ ስም ቅጥ ያጣ ምልክት ሆኖ መጣ። የተሠሩት በሌላ ፕሮግራም ነው። ምልክቶቹን ቆጠርኳቸው። መልስ የሚለው ሦስት ፊደል ነው፣ ምልክቱ ዘጠኝ ነው። ከየሦስቱ ደግሞ የመጀመሪያው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፣ ያ እግሩ ወደ ታች የወረደ ቢ የሚመስለው የጀርመኖች ፊደል። እሱን ያየ ሰው ሌላ ማስረጃ አያስፈልገውም። ዩቲኤፍ-8 በሚባለው የዩኒኮድ አጻጻፍ አንድ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ነው፣ መደበኛዎቹ የኛ ፊደላት ሁሉ የመጀመሪያ ባይታቸው ያው አንድ ነው። የድሮው የዶስ ሠንጠረዥ፣ ኮድ ፔጅ 437 የሚባለው፣ ያንን ባይት ሲያነብ ያንን ምልክት ያሳያል። ዚፕ ውስጥ ስሙ በዩቲኤፍ-8 ነው የሚል አንድ ምልክት ማድረጊያ ቢት አለ፤ ዚፑን የሠራው ፕሮግራም ካላበራው ፓይተን በሕጉ መሠረት በ437 ያነበዋል። ፓይተን ራሱ ሲጽፍ የአማርኛ ስም ካየ ቢቱን በራሱ ያበራል፣ እዚያ ላይ ሐሳብ አይግባችሁ። የሌላ ሰው ዚፕ ስታነቡ ግን ከፓይተን 3.11 ጀምሮ ሲከፈት የስሞቹን ኢንኮዲንግ፣ ማለትም በየትኛው አጻጻፍ እንደተቀመጡ፣ መንገር ይቻላል። ከዚያ በፊት ባለው ደግሞ ስሙን በ437 መልሶ ባይት አድርጎ በዩቲኤፍ-8 ማንበብ ነው። ስሙ ይመለሳል፣ አንድም ፊደል አይጠፋም። ፍለጋ ላይ ደግሞ «ሰርግ» ብዬ ስፈልግ «ሠርግ» የተባሉት አልመጡልኝም ነበር። ለኮምፒውተር ሰ እና ሠ ዝምድና የላቸውም፣ ስትፈልጉ ሁለቱንም አስቡ።

አሁን አዲሱ ስክሪፕት። ከባዶ ነው የጻፍኩት። ሲጀምር ልጁን አንድ ነገር ይጠይቀዋል፦ «ደብተሩ ላይ ያለው ቁጥር ስንት ነው?» ልጁ ይጽፋል። ይህ ቁጥር ከፎልደሩ የሚወሰድ አይደለም፣ ልጁ ከካሜራው ላይ አይቶ የመዘገበው ነው። ስክሪፕቱ ከዚያ ፎልደሩን ዞሮ የፋይሎቹን ዝርዝር፣ መጠናቸውን እና የእያንዳንዱን ሻ-256 አሻራ፣ ማለትም ከፋይሉ ይዘት የሚሰላ መለያ ቁጥር፣ ይይዛል። ቁጥሩ ከደብተሩ ጋር ካልገጠመ እዚያው ይቆማል፣ ዚፕ አይጀምርም። ከገጠመ ዚፑን በጊዜያዊ ስም ይጽፋል፣ መጨረሻው ላይ «ያልተሟላ» የሚል ያለበት። ትልቁ ኤክሴፕት የለም። ስህተት ከመጣ ይምጣ፣ ቀይ ይሁን፣ ልጁ ይየው፤ ጊዜያዊው ስምም እንዳለ ይቀራል፣ ስለዚህ ዊዝ ማውጫ ጽፎ ቢዘጋውም ማንም ሙሉ ነው ብሎ አይሳሳትም። ከ1980 በፊት ያለ ቀን ሲመጣ እንዳይወድቅ ከፓይተን 3.8 ጀምሮ ያለውን አማራጭ ተጠቅሜያለሁ፣ ጊዜ ላይ ጥብቅ አትሁን የሚለውን። ቀኑን ወደ 1980 መጀመሪያ ያመጣዋል። ትክክለኛው የተነሳበት ሰዓት ፎቶው ውስጥ ስላለ ምንም አንከስርም።

ዚፑ ከተዘጋ በኋላ ያለው ክፍል ከመጻፉ ክፍል ይረዝማል። ዚፑን እንደ አዲስ ለንባብ ይከፍታል። ማውጫው ላይ ያሉትን ስሞች መጀመሪያ ከያዘው ዝርዝር ጋር ያመሳክራል። ከዚያ እያንዳንዱን ፎቶ ከዚፑ ውስጥ አንብቦ አሻራውን ከዋናው አሻራ ጋር ያስተያያል። ይህ ጊዜ ይወስዳል። ይውሰድ። ሁሉም ከገጠመ ብቻ ስሙን ወደ ትክክለኛው ይቀይርና ጥቁሩ መስኮት ላይ ይህን ይጽፋል፦ «ተሟልቷል፣ 1,184 ከ1,184»። ካልገጠመ «ጎድሏል» ብሎ የጎደሉትን በስም ይዘረዝራል። «አልቋል» የሚል ቃል የትም ቦታ የለም። ልጁም ሁለተኛውን ቁጥር ደብተሩ ላይ ከመጀመሪያው አጠገብ ጽፎ ይፈርምበታል፣ ፎልደሩ የሚጠፋው ከፊርማው በኋላ ነው።

ሁለት ሦስት ነገር በዚያው አስተካከልኩ። ድሮ ፎቶዎቹን እየጨመቅሁ ነበር የማስገባው። ጄፔግ ግን አስቀድሞ የተጨመቀ ነው፤ 11 ጊጋ የነበረው 10.9 ሆኖ ነው የሚወጣው፣ ኮምፒውተሩ በከንቱ ይደክማል። አሁን ሳልጨምቅ እንዳለ ነው የማስቀምጠው፣ ፓይተንም ምንም ካልነገርከው የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ሌላው፣ አንድ ትልቅ ዚፕ ቀርቶ ለየፎልደሩ አንድ አንድ ዚፕ ሆኗል። ብዙ ሰው ይዞ የሚመጣው ፍላሽ ፋት32 በሚባለው የድሮ አደረጃጀት የተዘጋጀ ነው፣ እሱ ደግሞ 4 ጊጋ የሚሞላ አንድ ፋይል አይቀበልም። በቴሌግራም መላክ ካስፈለገ ያለ ክፍያ የሚሄደው እስከ 2 ጊጋ ነው። ከዚያ የሚበልጠውን ፎልደር ስክሪፕቱ በራሱ ለሁለት ለሦስት ይከፍለዋል። ጋሼ በይለፍ ቃል ይቆለፍልኝ ብለው ነበር፣ የፓይተኑ ዚፕፋይል ግን የተቆለፈ ዚፕ ይከፍታል እንጂ ራሱ ቆልፎ አይሠራም፣ ስለዚህ ለጊዜው ሃርድ ዲስኩን መሳቢያ ውስጥ ነው የሚቆልፉት።

እትዬን በሰኔ ጃንተከል ዋርካ አጠገብ አገኘኋቸው። አልበሙን ወስደዋል። ስለ ስልኳ ፎቶ ነገሩኝ፣ «የእህቴ ልጅ ባትኖር ምን ይዘን እንቀር ነበር» አሉ። ከዚያ በላይ አልተናገሩም። ቢናገሩኝ ይሻለኝ ነበር።

በሚቀጥለው ሳምንት፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ፣ ልጁ ደወለልኝ። የቀለበት ሥራ ነበራቸው። «ስክሪፕቱ አልጀምርም አለኝ» አለ። ምን ይላል አልኩት። «ጎድሏል፣ 611 ከ612 ይላል። ደብተሬ 612 ነው፣ ፎልደሩ ውስጥ ግን 611 ነው ያለው። አንዷ ከሚሞሪው ሳትገለበጥ ቀርታለች መሰለኝ።» ሚሞሪውን ፎርማት አድርገኸዋል ወይ ብዬ ጠየቅሁት።

«አላደረግኩም» አለ። «ሚሞሪውም ፎልደሩም እንዳሉ ናቸው። ነገ ጠዋት መጥተህ እስክታይ አልነካቸውም።»